የቢራ ፋብሪካና የመጠጥ ቤት ፍቺ

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1920 በፊት ብዙ መጠጥ ቤቶች በተግባር በቢራ ፋብሪካዎች እጅ ነበሩ። ፋብሪካው የፈቃዱን ክፍያ ይሸፍናል፣ ባንኮኒውን ይገዛል፤ ባለቤቱ ደግሞ የሱን ቢራ ብቻ ይሸጣል። ዕዳ ያለበት ሻጭ የሰከረን ደንበኛ «በቃህ» ለማለት ይከብደዋል።

ከዛ ማምረትም መሸጥም ወደ 14 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታገደ። አልሆነም፤ ንግዱ በድብቅ ቀጠለ። ዲሴምበር 5፣ 1933 እገዳው ሲነሳ ቁጥጥሩ በዋናነት ለየግዛቶቹ ተተወ። አብዛኞቹም ፈቃዱን በሦስት ከፈሉት፦ አምራች፣ አከፋፋይ፣ ቸርቻሪ። አንዱ ሌላውን እንዳይዝ።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሁሉን የሚነካ አንድ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም ይበላሻል። ዋጋ ግን አለው። ዛሬ ትናንሽ ጠማቂዎች «አከፋፋዩ መሀል ገብቶ ትርፋችንን ይወስዳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግድግዳው ሲሠራ የታሰበው ግን ለትልልቆቹ ነበር።