በማኅበረሰብ የሚመራ የገጠር ውሃ ግንባታ (ደቡብ ጎንደርና አካባቢው)

በማኅበረሰብ የሚመራ የገጠር ውሃ ግንባታ ለአንድ ጎጥ የውሃ ተቋም የተመደበውን ገንዘብ ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ተረክቦ፣ ዕቃ ገዝቶና ግንበኛ ቀጥሮ የሚያሠራበት ስልት ነው። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2003 «የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ» በሚል ስም ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል።

አካባቢው
የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተምሥራቋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፤ ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። ደጋው ላይ የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ምንጭ ማጎልበት ሲሆን፣ ሜዳው ላይ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ነው። ሰፈሮቹ በየገመገሙ ተበታትነው ስለሚገኙ እያንዳንዱን ትንሽ ሥራ ከከተማ ሆኖ በጨረታ ማሠራት ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል።

አመጣጥ
የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 በአማራ ክልል ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግዥውም ክፍያውም በፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፍ ነበር። በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001/02) ወረዳዎች በጀታቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ከተደረገ በኋላ ግን አንድ እርምጃ ወደ ታች መውረድ ተቻለ፦ ገንዘቡ በቀጥታ ለተጠቃሚው እንዲደርስ ተወሰነ። ለዚህ የተመረጠው መንገድ በየወረዳው ቅርንጫፍ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ነው።

አሠራር
ነዋሪዎች የውሃውን ቦታ መርጠው «ዋሽኮ» የሚባለውን የውሃና የንጽሕና ኮሚቴ ከመካከላቸው ይመርጣሉ። መመሪያው ሴቶች በኮሚቴው እንዲካተቱ ያዛል፤ ውሃ የመቅዳቱ ሸክም የእነርሱ ነውና። ኮሚቴው በቀበሌው በኩል ለወረዳው ማመልከቻ ያቀርባል። የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች ጥያቄውን አብረው ይገመግማሉ፣ ቦታውንም ያያሉ። ከጸደቀ በኋላ ውል ይፈረማል፤ ኮሚቴው ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ ግዥ ይሠለጥናል።

ሕዝቡ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያዋጣል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ያስቀምጣል። ኮሚቴው ገንዘቡን በየደረጃው ያወጣል፤ ቀጣዩ ክፍያ የሚለቀቀው የቀደመው ሥራ ከታየ በኋላ ነው። የወረዳው ድርሻ ማማከር፣ ጥራት መቆጣጠርና ከኮሚቴው አቅም በላይ የሆነ ብልሽት ሲደርስ መጠገን ነው። ከርክክብ በኋላ ዘበኛ መቅጠር፣ አጥር ማጠርና መዋጮ መሰብሰብ የኮሚቴው ኃላፊነት ይሆናል።

ከነባር ልማድ ጋር ያለው ዝምድና
ስልቱ ገበሬው ከሚያውቀው አደረጃጀት አይርቅም። ጉልበት በደቦና በወንፈል ይሰባሰባል፤ መዋጮና ቅጣት በእድር የተለመደ ነው፤ በመስኖ ሥራም ተራ የሚያስጠብቅ «የውሃ አባት» መሾም የቆየ ሥርዓት ነው። አዲሱ ነገር የመንግሥት ገንዘብ በእነዚሁ ሰዎች ፊርማ መውጣቱ ነው።

መስፋፋት
የመጀመሪያው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያበቃ «ኮዋሽ» የተባለ ተከታይ ፕሮጀክት ስልቱን ከአማራ በተጨማሪ ወደ ትግራይ፣ ኦሮሚያና የያኔው ደቡብ ክልል አዳረሰ። የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች የተስማሙበት ብሔራዊ ማዕቀፍም፣ በወረዳ፣ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶችና በቤተሰብ ደረጃ ከሚሠራው ጎን፣ አንድ የታወቀ የአፈጻጸም መንገድ አድርጎታል።

ውስንነት
ስልቱ የሚስማማው ለጎለበተ ምንጭና በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ነው። ጥልቅ ቁፋሮና ረጅም የቧንቧ መስመር የሥራ ተቋራጭና ከባድ መሣሪያ ይጠይቃሉ። የሲሚንቶ ዋጋ ከውል በኋላ ሲንር ኮሚቴው የያዘው ገንዘብ ያጥረዋል፤ የፓምፕ መለዋወጫ በቅርብ ካልተገኘም የተጠራቀመው የጥገና መዋጮ ብቻውን ውሃውን አይመልስም።