ከደመወዝ የሚተርፈው፦ ሥራ፣ ገቢና ድህነት በሐዋሳ

በአገራችን ስለ ከተማ ድህነት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ቁጥር የተፈጠረው የሥራ ዕድል ብዛት ነው። የከተማ አስተዳደር የዓመት ሪፖርት በእርሱ ይከፈታል፤ የፌዴራል ዕቅድም በእርሱ ይገመገማል። ሥራ ያጣ ወጣት በበዛበት አገር ይህን ቁጥር ማንም ሊንቀው አይገባም። ይሁን እንጂ ሥራ መያዝና ከድህነት መውጣት መንገዳቸው የሚለያይባቸው ከተሞች አሉ፤ ሐዋሳ አንዷ ናት። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በመካከለኛ ከተማ የደመወዝ ትርጉም የሚወሰነው በፋብሪካው የክፍያ መዝገብ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛዋ በምታድርበት የኪራይ ክፍል ጭምር ነው የሚል ነው። መኖሪያን ከሥራ ፖሊሲ ነጥሎ የሚያይ ዕቅድ የቱንም ያህል ሰው ቢቀጥር ድህነትን ከገጠር ወደ ከተማ ከማዛወር ላያልፍ ይችላል።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዕድሜዋ ከብዙዎቹ የአገሪቱ ከተሞች ያነሰ ሲሆን፣ ያደገችው በመንግሥት መቀመጫነቷ፣ በንግዷ፣ በሆቴሎቿና በዩኒቨርሲቲዋ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በከተማ አስተዳደሩ ክልል ከ258 ሺሕ በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ በከተማው ውስጥ የሚኖሩት 157 ሺሕ ያህል ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ እንደ ቱላ ባሉ፣ ገበሬው እንሰትና ቡና በሚያለማባቸው ቀበሌዎች የሚኖሩ ናቸው። ይህ አቀማመጥ ለሥራ ገበያው ትልቅ ትርጉም አለው። ከእናት አባቷ ቤት ወጥታ ሥራ የምትገባ ወጣትና ከሩቅ ወረዳ መጥታ ክፍል የምትከራይ ወጣት እኩል ደመወዝ ቢከፈላቸውም እኩል ገቢ የላቸውም። የከተማዋ የገቢ ምንጭም ባለበት አልቆየም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ በኋላ ሐዋሳ የአዲሱ ክልል መቀመጫ ሆና ብትቀጥልም፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ መቀመጫው ሐዋሳ የነበረው የቀድሞው ደቡብ ክልል ተከፍሎ ወላይታ ሶዶና ሆሳዕና መቀመጫ ሲሆኑ በርካታ መሥሪያ ቤቶች ከከተማዋ ወጥተዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የምግብ ቤቱ፣ የባጃጁ፣ የልብስ ሰፊውና የጀበና ቡና ሻጯም ገቢ ነው፤ አንድ ቢሮ ከከተማ ሲወጣ ወጪው አብሮት ይወጣል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣው እንዲህ ባለች ከተማ ላይ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለአገሪቱ የኢንዱስትሪ ምኞት ማሳያ ተደርጎ ቀረበ፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ሌሎች አምራቾችን አስከትሎ ገባ። ግንባታው በዘጠኝ ወር ገደማ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ፓርኩ 52 ሼዶችና ፈሳሽ ቆሻሻውን አጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ዘመናዊ ማጣሪያ አለው። የተያዘው ግብ 60 ሺሕ ሠራተኛ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 25 ሺሕ ያህል ደርሶ ነበር። የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ መንገዱ፣ የጉምሩክ አገልግሎቱ አስቀድሞ ታቅዷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ወጣት ሴቶች የት ያድራሉ የሚለው ጥያቄ ግን ለገበያው ተተወ። ለጨርቁ ቆሻሻ ውሃ የታሰበውን ያህል ለልብስ ሰፊዋ ማደሪያ አልታሰበም።

የዚህ ግድፈት ውጤት በተራ ስሌት ይታያል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖል ባሬትና ዶሮቴ ባውማን-ፖሊ ባወጡት ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ሕግ ከግብር ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ሲሆን ቀሪው 150 ብር የአሥር በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፤ 15 ብር። የሠራተኛዋ የጡረታ መዋጮ ሰባት በመቶ ነው፤ 52 ብር ከ50። እጇ የሚገባው 682 ብር ከ50 ነው። የመንግሥት የድህነት መስመር ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ዋጋ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር፣ በወር 599 ብር ያህል ነበር። ከዚህ ግማሽ ያህሉ የምግብ ወጪ ነው፤ ስለዚህ ለኪራይ፣ ለልብስ፣ ለሳሙና፣ ለሕክምና፣ ለስልክ በጠቅላላ የሚታሰበው ከ300 ብር አይበልጥም። ሠራተኛዋ ፓርኩ በተመረቀበት ዓመት ዋጋ ብትኖርና አንድ ብር እንኳ ለቤተሰቧ ባትልክ ከመስመሩ የምትርቀው በ14 በመቶ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ብቻ የዋጋ ንረቱ ባለ ሁለት አኃዝ ነበር። ደመወዙ የተጠቀሰበት 2011 ዓ.ም. ሲደርስ ያች 14 በመቶ ከሞላ ጎደል ተበልታለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። 750 ብር መነሻ ደመወዝ እንጂ የመጨረሻ ክፍያ አልነበረም፤ ሳይቀሩ ለመገኘት የሚሰጥ ጉርሻና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲታከልበት ከፍ ይላል፣ ምሳና ሰርቪስ የሚያቀርቡ ኩባንያዎችም አሉ። ሆኖም በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ክፍያ ቁርጥ ወጪን አይሸፍንም። የመገኘት ጉርሻ ሠራተኛዋ በታመመች ቀን ይቀራል፤ ቤት አከራዩ ግን የታመመችበትን ቀን አይቀንስላትም። ለዚህ ነው ደባልነት የሐዋሳ ሰፊዎች የኑሮ ሥርዓት የሆነው፦ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ አንድ ፍራሽ ለሁለት ይዘረጋል፤ ፈረቃቸው የተለያየ ከሆነም አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትተኛለች። አንዷ ደባል ሥራ ለቅቃ ወደ አገሯ ስትመለስ የቀሩት ድርሻ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ምትክ እስኪገኝ ድረስ ከምግብ ይቀነሳል። በሥራ አጥነት መለኪያ ግን እነዚህ ሁሉ ሥራ ያላቸው ናቸው፤ በዓለም አቀፉ መለኪያ በሳምንት አንድ ሰዓት ለክፍያ የሠራ ሰው ከሥራ አጥ አይቆጠርምና።

መለኪያው ያላየውን ሠራተኞቹ በእግራቸው ተናግረዋል። ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ የመተካት ያህል ፍልሰት እንደገጠማቸው የተጠቀሰው ጥናት ዘግቧል። ይህ የሐዋሳ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ያካሄዱት ሙከራ ያሳያል። ለአምስት ድርጅቶች የሥራ ማመልከቻ ካስገቡ አንድ ሺሕ ያህል ሰዎች መካከል በዕጣ ለአንዳንዶቹ የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌሎቹ 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብና ሥልጠና ተሰጠ፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተተዉ። ፋብሪካ ከገቡት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸው ካልገቡት አልበለጠም፣ ጤናቸው ግን ተጎድቷል። ገንዘብ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸውን በሲሶ ያህል አሳደጉ። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የጎላ ልዩነት አላገኙም። ይህ የመጨረሻው ውጤት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነው። የአንድ ጊዜ ስጦታም ሆነ የአንድ ጊዜ ቅጥር፣ የተገኘውን ገቢ የሚያቆይ ነገር ከሌለ ይተናል። ከገቢ ተርፎ የማይቆጠብ ከሆነ፣ ዕቁብ የሚጣልበት ካልተገኘ፣ ከዓመት ዓመት የሚሻገር ነገር የለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከታሪክ የሚነሳ ነው፦ ዛሬ የበለጸጉ አገሮችም በርካሽ ጉልበት ጀምረዋል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ነው፤ ደግሞስ ማንም ተገዶ አልገባም። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ለእነዚህ ወጣቶች ከኋላቸው ያለው አማራጭ ብዙ ጊዜ የጠበበ መሬትና ያልተፈለገ ጋብቻ ነው። ታሪኩ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው። በታኅሣሥ 1953 እ.ኤ.አ. የሆንግ ኮንግ ሼክ ኪፕ ሜይ ሰፈር ተቃጥሎ ከ50 ሺሕ የማያንሱ ሰዎች ቤት አልባ ሲሆኑ መንግሥት ሰፊ የሕዝብ ቤቶች ግንባታ ጀመረ። ሲንጋፖር በ1960 እ.ኤ.አ. የቤቶች ልማት ቦርድ አቋቁማ በአምስት ዓመት ከ50 ሺሕ በላይ ቤቶችን ሠራች። ማኑኤል ካስቴልስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በሁለቱ ከተሞች ዝቅተኛ ደመወዝ ለኑሮ የበቃው መንግሥት የቤቱን ወጪ ከሠራተኛው ትከሻ ስላነሳለት ነው። ደመወዙ ለውጭ ገበያ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለሠራተኛው ግን ያን ያህል ትንሽ አልነበረም። እኛ ከዚያ ተሞክሮ ርካሹን ደመወዝ ወስደን ቤቱን ትተነዋል። የኛ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ቅድሚያ ክፍያ መቆጠብ ለሚችል ሰው የታቀደ በመሆኑ በወር 700 ብር ያህል ለምታገኝ ደባል በሩ ዝግ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሀብቱ በኩል ይመጣል፦ ደመወዝ ቢጨምር ፋብሪካዎቹ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ጥናት የባንግላዴሽ ዝቅተኛ ደመወዝ 95 ዶላር፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር፤ ርካሽነት ብቻውን ኢንቨስትመንት የሚስብ ቢሆን ኖሮ ሐዋሳ ሁለቱንም ባዶ ባስቀረች ነበር። በየዓመቱ የሚለዋወጥ ሠራተኛ እጁ ሳይፍታታ ይሄዳል፤ ምርታማነት ይወርዳል፤ ለሥልጠና የወጣው ገንዘብ ይባክናል። ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ሲዘጋ ምክንያቱ በወቅቱ በሰሜን ኢትዮጵያ ይካሄድ የነበረው ጦርነትና የአሜሪካ ቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ አጎዋ፣ ሊታገድ መሆኑ ነበር፤ እገዳውም በታኅሣሥ ጸና። ፒቪኤችን ያስወጣው የደመወዝ ጭማሪ ሳይሆን ጦርነት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ምንዛሪ የ2011ዱ መነሻ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ሆኖ 2,250 ብር ቢከፈል እንኳ ለአሠሪው ከ23 ዶላር በታች፣ ከቀድሞው 26 ዶላር ያነሰ ወጪ ነው። ምርቱን በዶላር የሚሸጥ አሠሪ የጨመረለትን ልዩነት ከሠራተኛው ጋር ሊካፈል ይችላል፤ የሚያስገድደው ወለል ግን አልተነጠፈም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈውም የግሉ ዘርፍ ወለል ሳይወሰንለት ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የሚሆነው ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ተገቢ እርምጃ ነው፤ የመንግሥትን ድርሻ ይቀንሳል እንጂ የአሠሪውን አይነካም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከከተማዋ ውስጥ የሚነሳው ነው። የሐዋሳ አከራዮች አብዛኞቹ ባለ ፎቅ ሀብታሞች አይደሉም፤ በግቢያቸው ጥግ ሁለትና ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርተው የሚኖሩ ጡረተኞች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ ደመወዛቸው ያልበቃቸው መምህራን ናቸው። ኪራይ በግድ ቢወርድ የአንዱን ድሃ ገቢ ለሌላው ድሃ መስጠት ይሆናል። ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ፤ ለዚህም ነው የኪራይ ቁጥጥር ብቻውን መልስ አይሆንም የምለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ዓመት ያላነሰ የጽሑፍ ውል እንዲኖርና ጭማሪው በአስተዳደር እንዲወሰን ማድረጉ ለቤተሰብ ተከራይ ዋስትና ነው። በቃል ስምምነት፣ በወር በወር፣ ደባል ሆና ለምትኖር ሠራተኛ ግን ሕጉ የሚያገኛት በጭንቅ ነው። የሚያስፈልገው አቅርቦት ነው፦ ለፓርኩ መሬት የተዘጋጀበትን ፍጥነት ያህል ለሠራተኛ ማደሪያ መሬት ማዘጋጀት፣ ለአነስተኛ አከራዮች ውኃና መጸዳጃ ያለው ክፍል እንዲጨምሩ ብድር መስጠት፣ ሠራተኛ ለማሳደር ለሚገነቡ ፋብሪካዎች የሼድ ኪራይ መቀነስ። መሬቱ ከቱላ ገበሬ የሚወሰድ ከሆነም ካሳው ለቤተሰቡ ሌላ መተዳደሪያ የሚያስገዛ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ለሰፊዎች ቤት ስንሠራ ልጆቻቸውን ወደ ስፌት የሚልኩ አዲስ ድሆች እንፈጥራለን።

የሲዳማ ክልልና የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ለዚህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የደመወዝ ቦርዱ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ መሬትና የኪራይ አስተዳደር ግን በእጃቸው ነው። ከሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ጀምሮ ከተፈጠረው የሥራ ዕድል ቁጥር ጎን ሁለት ቁጥሮች ቢጨምሩ አገር ይጠቀማል፦ ከተቀጠሩት ስንቱ ከዓመት በኋላ በሥራው ላይ አለ፣ እና ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ ከደመወዙ ስንት ብር ይተርፋል። የመጀመሪያው በፋብሪካዎቹ መዝገብ ውስጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛውን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲው በከተማው ውስጥ ነው፣ ሠራተኞቹም እዚያው ናቸው።