የሽልንግ ስም በነጌሌ ቦረናና የሕፃናት የሳንቲም ቆጠራ

ነጌሌ ቦረና በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ስትያዝ ከጠገራው ብር ጎን ሊሬ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲባረር ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተከተለ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ባለ መቶ ሳንቲሙ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ተተመነ፤ በገበያ ሃምሳ ሳንቲም «ሽልንግ» መባሉም ከዚሁ ተመን ጋር ይስማማል። ስሙኒማ ስምንትን የሚያስታውስ ስም ይዞ የብር ሩብ ነው!

ይህ ለሕፃን ቀላል ነገር አይደለም። በሞያሌ ድንበር ሽልንግ የኬንያ ገንዘብ፣ ራሱም መቶ ሳንቲም ነው። «ሁለት ሽልንግ ስንት ሳንቲም ነው?» ቢባል አንዱ ልጅ መቶ፣ ሌላው ሁለት መቶ ሊል ይችላል፤ ሁለቱም መደመር ያውቃሉ። መምህሩ አስቀድሞ ስሙን በሳንቲሙ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጋር ያስተያይ፤ ድምሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።