ከጉባኤ ቤት እስከ መሥሪያ ቤት
በጎንደርና በደጋው አካባቢ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሥራ መንገድ ታሪክ

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሙያ ዝግጅትና የሥራ ስምሪት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የታሰበኝ አዋጅ ወይም መመሪያ አልነበረም። የታሰበኝ የጎንደር ጉባኤ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ በቅርብ ዘመን ከውጭ የመጣ አዲስ ሙያ አድርገን እንቆጥረዋለን። ስሙ አዲስ መሆኑ እውነት ነው። ነገሩ ግን፣ ይኸውም አካሉ የተጎዳ ልጅ የሚችለውን ለይቶ ማስተማርና ትምህርቱ ሲፈጸም ከሚሠራበት ቦታ ማድረስ፣ በዚህች ከተማ የቆየ ልማድ ነበር። ልማዱ ምን እንደ ነበረ፣ እንዴትስ እንደ ተቋረጠ መመርመር ለዛሬው ሥራችን የሚጠቅም ይመስለኛል።

በጆሮ የተገነባ ትምህርት

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ ከተማይቱ የቤተ መንግሥት ብቻ ሳትሆን የሊቃውንትም መቀመጫ ሆነች። የመጻሕፍት ትርጓሜ በዚህች ከተማ ጉባኤያት ተስፋፋ፤ የበአታ ለማርያም ጉባኤ ደግሞ የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ ሆኖ ታወቀ። ከሰሜን፣ ከወገራ፣ ከደንቢያና ከሌላውም አገር ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጎንደር ይጎርፍ ነበር። ከእነዚህም መካከል ዓይነ ስውራን ይገኙ ነበር።

በደጋው ልጆችን የዓይን ብርሃን የሚያሳጡ በሽታዎች ብዙ ነበሩ። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው። ትራኮማ ግን ዛሬም አልጠፋም፤ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት 62.6 ከመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከብት ለመጠበቅና በሬ ጠምዶ ለማረስ የማይችለውን ልጅ አባቱ ወደ የኔታ ወስዶ መስጠቱ በገበሬው ዘንድ የታወቀ ነበር። አንዳንዱ ይህን ያደረገው ሸክም ለማቃለል ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የሚገባበት ቤት ግን የሸክም ማራገፊያ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ነው። የቃል ትምህርት የሚሰጠው በሌሊት ስለ ነበር የሚያየውም የማያየውም ተማሪ በአንድ ጨለማ ተቀምጠው ከመምህሩ አፍ ይቀበሉ ነበር። ዜማው በጆሮ ይጠናል። ቅኔም የሚቆጠረው በልብ ነው፤ ተማሪው ብቻውን ተከናንቦ ያወጣውን ለመምህሩ በቃል ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከባልንጀሮቹ እኩል የሚወዳደርበት፣ አንዳንዴም የሚበልጥበት ሜዳ ነበረው። መንገድ ሲሄድ የሚመራው ባልንጀራ አለው፤ እርሱም በበኩሉ ያጠናውን ቃል ላላጠናው ጓደኛው ይቀጽልለታል። ውለታው የሁለት ወገን ነበር።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ ሁሉ በየደጁ ለምኖ ይበላ ነበር። ባላባት ልጅም ሆነ የድኻ ልጅ፣ የሚያይም ሆነ የማያይ፣ ልመናው የተማሪነት ሕግ እንጂ የጉዳተኝነት ምልክት አልነበረም። ዓይነ ስውሩ ልጅ ምጽዋት ሲቀበል የተቀበለው በተማሪነቱ ነው። በኋላ ዘመን ዓይነ ስውርነትና ልመና በከተማው ሰው አስተያየት አንድ ነገር እስኪመስሉ ድረስ ሲጣበቁ ስናይ፣ ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደ ነበር ይገባናል።

ከሁሉም በላይ የትምህርቱ መጨረሻ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ድጓ ያደረሰና አቋቋም የለየ ሰው ደብር ሲጠራው መሪጌታ ይሆናል፤ ቅኔ ያስመሰከረም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ለቅስና ማየት ስለሚያስፈልግ ዓይነ ስውር ለመቅደስ አገልግሎት ባይሾምም፣ የማኅሌቱና የጉባኤው በር ክፍት ነበር። ለዚህም አገልግሎት ከደብሩ መሬት የተመደበ መተዳደሪያ ነበረው። ተማሪው ትምህርቱን ሲጀምር የት ሊደርስ እንደሚችል ያውቃል፤ መምህሩም ያውቃል፤ ደብሩም ይጠብቀዋል።

ይህን ስንል ግን ያለፈውን ዘመን አለ መጠን ማወደስ አይገባም። በጆሮ የተገነባው ትምህርት ጆሮው ለማይሰማ ልጅ ፈጽሞ ዝግ ነበር። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በአገራችን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮናውያን አማካይነት ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ። የሥጋ ደዌ ያገኘው ሰው ከኅብረተሰቡ ይገለል ነበር። ሴት ልጅም፣ ዓይነ ስውር ሆነች አልሆነች፣ ከጉባኤ ቤቱ ዕድል እጅግ ጥቂት ነበራት። ጉባኤ ቤቱ ለአንድ ዓይነት ጉዳት መልስ አገኘ እንጂ ለሁሉም አላገኘም።

ሥራው የቀደመው ኮሌጅ

በጎንደር ትምህርትና የሥራ ቦታ በሌላ መልክ የተያያዙበት ሁለተኛ ዘመን አለ። በ1945 ዓ.ም. በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተቋቋመ። ኮሌጁ ለአካል ጉዳተኞች የታሰበ አልነበረም። ለጉዳያችን የሚጠቅመን አሠራሩ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ጤና ጣቢያው ነው፤ ጤና ጣቢያው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ተወሰነ፤ ከዚያ በኋላ እነዚህ ባለሙያዎች ሠለጠኑ። ተማሪዎቹም ገና ሳይመረቁ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ወርደው ሥራውን በእጃቸው ይሞክሩት ነበር። ጉባኤ ቤቱና ኮሌጁ በሃይማኖትና በሳይንስ ቢለያዩም በዚህ አንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ተማሪ ሲቀበሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ያውቁ ነበር።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

በዚያው ዘመን በአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ መንግሥታዊ መልክ እየያዘ መጣ። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1963 ዓ.ም. በትዕዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ድርጅት ቆመ። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ እርምጃዎች ነበሩ። ነገር ግን ከደጋው ሩቅ ነበሩ፤ ብሬይል ለመማር የፈለገ የሰሜን ልጅ ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረበት። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችውና እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ የተማረችው ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ ነው። ይህን ያህል ለመሄድ ያልቻሉት ስንት እንደ ሆኑ መገመት አያዳግትም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የደብር አገልጋይ የሚተዳደርበት የመሬት ይዞታ አብሮ ቀረ። አዋጁ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ ነው፤ ሆኖም የጉባኤ ቤቱ ትምህርት ይመራበት ከነበረው መተዳደሪያ ተለየ። በደርግ ዘመን ከከፍተኛ ትምህርት የወጣ ምሩቅ በመንግሥት ድልድል ይመደብ ስለ ነበር፣ እስከዚያ ለደረሱት ጥቂት አካል ጉዳተኞች ሥራ ፍለጋ ትልቅ ጭንቀት አልነበረም። ድልድሉ ሲቀር ግን ምሩቁ ሁሉ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመ። ሰሌዳውን ለማንበብ የማይችለውም አብሮ ቆመ።

ሕግ ሊደርስለት የሞከረው በዚህ ጊዜ ነው። አዋጅ ቁጥር 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ እንዲከለል አደረገ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን ሻረው፤ በመግቢያውም ቦታ መከለሉ አካል ጉዳተኞች በችሎታ ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ የሚያስመስል አመለካከት መፍጠሩን ገለጸ። አዲሱ አዋጅ አሠሪው ለሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያዘጋጅ፣ ረዳትም እንዲመድብ ያዛል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ክስ ባቀረበ ጊዜ የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ይወድቃል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች።

ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም የሚጠብቀው የመጨረሻውን በር ብቻ ነው። የልጁ የሥራ ዕጣ የሚወሰነው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ከጃን አሞራ የመጣች አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ እናስብ። በመካከለኛ ደረጃ ሒሳብን በብሬይል የሚያስተምራት ሰው ስለማይገኝ ትምህርቱን እንድትተው ይደረጋል። ያን ቀን ማንም ሳያማክራት የሳይንስ፣ የሒሳብ አያያዝና የኮምፒዩተር ሙያ ሁሉ ተዘጋባት። ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ የሚቀርላት ቋንቋ፣ ታሪክ ወይም ሕግ ነው። እነዚህ የተከበሩ ትምህርቶች ናቸው፤ ግን መርጣቸው አልገባችም። ጉባኤ ቤቱ ዓይነ ስውሩን ልጅ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ የመራው ጆሮውንና ልቡን አይቶ ነበር፤ የእኛ ትምህርት ቤት የሚመራው የጎደለውን መጽሐፍ አይቶ ነው።

የጎንደር ዕዳ

የቀድሞው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ኅብረተሰቡን መሠረት ባደረገ ተሐድሶ ሥራ ለብዙ ዓመታት በየመንደሩ ሲሠራ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የ10 ዓመት መርሐ ግብር ጀመረ፤ ለአካል ጉዳተኞችና በግጭት ለተጎዱ ወጣቶች ትኩረት በመስጠት 450 ተማሪዎችን ለማስተማር ታቀደ፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም በዚሁ ተወጠነ። ይህ ሙያ ሰውየውን፣ ሥራውንና የሥራውን ቦታ አንድ ላይ መርምሮ የሚያስማማ በመሆኑ ለጉዳያችን ቅርብ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የተካሄዱት ጦርነቶችም አካላቸው የተጎዳ ወጣቶችን ቁጥር ስለ ጨመሩ፣ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ስለሆነም ባልደረቦቼን የምጠይቀው አዲስ ነገር እንድንፈጥር አይደለም። ተማሪው ሰባተኛ ክፍል ሳይደርስ ስለሚወደውና ስለሚችለው ሥራ የሚያማክረው ሰው ይኑረው፤ ሒሳብ በብሬይል፣ ትምህርትም በምልክት ቋንቋ ይድረሰው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ፣ የጤና ኮሌጁ ተማሪዎች ቆላ ድባ ወርደው እንደ ሠሩ፣ ሳይመረቅ በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በጎንደር መሥሪያ ቤቶች ገብቶ ይሥራ፤ አሠሪውም በዓይኑ አይቶ ይመን። ምሩቁ ዲግሪውን ተሸክሞ ወደ ደጋው ሲመለስ፣ ቤተ ሰቡ ከትምህርቱ በፊት በነበረበት ቦታ እንዳይቀበለው ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። ደብሩ መሪጌታውን ሳይመጣ ይጠብቀው እንደ ነበር፣ የዛሬውንም ተማሪ የሚጠብቀው ቦታ ይኑር።