ስደት ወይስ ፍልሰት?

ፒያሳ ካፌ ውስጥ ለሥራ ዱባይ የሄደውንም፣ በትምህርት ዕድል ካናዳ የገባውንም «ተሰደደ» ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። በግዕዝ «ሰደደ» አባረረ፣ አሳደደ ነው፤ አማርኛችን «ላከ» ወደሚለው ቢያለዝበውም «አሳደደ» ውስጥ ግፉ አሁንም አለ። አራዳ ጊዮርጊስ በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በየሰንበቱ አጥቢያ በማኅሌት የሚታሰበው ስደት እንዲህ ያለው ነው፦ ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ፈለገ፣ መልአክ ዮሴፍን በሕልም አስጠነቀቀው፣ እናትና ልጅ በሌሊት ወደ ግብፅ ወረዱ። አሳዳጅ ባለበት ጠባቂም አለ። ኑሮ ፍለጋ ለሚሄደው «ፍልሰት» አለን፤ ፈለሰ ማለት ተዛወረ ነው፣ የጾመ ፍልሰታ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። እባካችሁ «ስደት»ን ለተሳደደው እንተውለት።