አብሮ አደግነት እንደ ድርሰት ስልት፦ ሎንሊ አይላንድ እና የአጭር ኮሜዲ ፊልም አሠራር

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2005 ምሽት «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጅ ፊልም አሳየ። ሁለት ወጣቶች እሑድ ቀን ኬክ ገዝተው የልጆች ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት ይሄዳሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ነገር ግን ይህን ተራ ውሎ የሚተርኩት ጠብ እንደሚጭር ራፐር እየፎከሩና እየዛቱ ነው፤ ሳቁም የሚፈልቀው በፉከራውና በኬኩ መካከል ካለው ርቀት ነው። ዘፈኑን የቀዱት ቢሯቸው ውስጥ በላፕቶፕ ሲሆን፣ ምስሉን ደግሞ በተዋሱት ካሜራ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ቀረጹት።

ፊልሙ «ሌዚ ሰንደይ» ይባላል። የዩቲዩብ ታሪክ ሲወሳ ስሙ አብሮ ይነሣል፤ ድርጅቱ ያኔ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ተመልካቾች ከቴሌቪዥን እየገለበጡ ጫኑት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው፣ የመብቱ ባለቤት ኤንቢሲም በፌብሩዋሪ 2006 እንዲነሣ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጉግል ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። በዚህ አተራረክ ዋናው ባለታሪክ ቴክኖሎጂው ነው። ቀልዱ እንዴት እንደተስፋፋ ያስረዳናል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን አይነግረንም። እኔ እዚህ የማቀርበው ክርክር አጭር ኮሜዲ ፊልም ማጠር የሚችለው ከበስተጀርባው ረጅም ጓደኝነት ሲኖር ነው የሚል ነው። ጓደኝነቱ የሥራው አጋጣሚ ብቻ ሳይሆን የድርሰቱ ስልት ነው።

ፊልሙን ያዘጋጀው አኪቫ ሻፈር፣ ከክሪስ ፓርኔል ጋር የተወነበት አንዲ ሳምበርግና ሦስተኛው ባልደረባቸው ዮርማ ታኮኒ የተዋወቁት በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ፣ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። ለኮሌጅ ወደተለያየ ቦታ ሄደው፣ በ2000 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ አፓርታማ በጋራ ተከራዩ። ለቤቱም «ሎንሊ አይላንድ» የሚል ቅጽል አወጡለት፤ ብቸኛዋ ደሴት እንደማለት ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የቡድኑ ስም እንግዲህ የኪራይ ቤት ስም ነው። በ2001 የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፍተው ፊልሞቻቸውን መጫን ጀመሩ። ዩቲዩብ ከመወለዱ አራት ዓመት በፊት ነውና፣ ተመልካች ሁለት ደቂቃ ለመሳቅ ፋይሉ እስኪወርድለት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አጭርነት ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ደቂቃ ያለው ባለሙያ ገጸ ባሕርዩን የሚያስተዋውቅበት ጊዜ የለውም። ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ለምን ተቆጣ የሚለውን ሁሉ ተመልካቹ ቀድሞ እንዲያውቀው ወይም በቅጽበት እንዲገምተው ማድረግ አለበት። የእኛ የቃል ባህል ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። «አለቃ ገብረ ሃና አንድ ቀን...» ብሎ የጀመረ ሰው መግቢያውን ጨርሷል፤ የሰውዬው ብልሃት፣ ተንኮልና የቃላት ጨዋታ ከስሙ ጋር አብሮ ገብቷልና ተራኪው በቀጥታ ወደ ነገሩ ይሄዳል። ጉባኤ ቃናም በሁለት ቤት ብቻ ተፈጽሞ ሰምና ወርቅ መያዝ የሚችለው ሰሚው ታሪኩን፣ መጽሐፉንና ግሡን ይዞ ስለሚቀርብ ነው። ቅኔው አጭር የሚሆነው ጉባኤው ረጅም ዘመን አብሮ ስለቆየ ነው ማለት ይቻላል።

ሲኒማም ቢሆን ሳቅን የጀመረው በአጭሩ ነው። ሉዊ ሉሚየር በ1895 ያነሣው የአትክልተኛው ፊልም አንድ ደቂቃ አይሞላም። አትክልተኛው ውኃ ሲያጠጣ አንድ ልጅ ከኋላው ቱቦውን ይረግጣል፤ ውኃው ይቆማል፤ ሰውዬው የቱቦውን አፍ ሊመረምር ጎንበስ ሲል ልጁ እግሩን ያነሣል። አትክልተኛውን ሆኖ የታየው የሉሚየር ቤተሰብ አትክልተኛ ራሱ ነበር። በዚያች የመጀመሪያ ቀልድ ውስጥ ካሜራውን የያዘውና ውኃ የተረጨው ሰው ይተዋወቁ ነበር፤ ይህን ዝርዝር በቀላሉ ማለፍ አይገባም ባይ ነኝ። ፊት ላይ ውኃ መረጨት ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ስድብ ነው።

በጓደኛሞች መካከል የሚሠራ ቀልድ ሦስት ነገር በነጻ ያገኛል። የመጀመሪያው ተመልካች ነው፤ አብሮ አደግ የጓደኛውን ቀልድ ሺህ ጊዜ ሰምቷልና በትሕትና አይስቅለትም፤ እሱን ያሳቀ ቀልድ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሁለተኛው ለመዋረድ ፈቃደኛ መሆን ነው፤ ሞኝ ሆኖ ካሜራ ፊት ለመቆም ካሜራውን የያዘው ሰው ነገ እንደማይሸጠው ማመን ያሻል። ሦስተኛውና ብዙ ያልተጻፈለት የመቁረጥ ሥልጣን ነው። አጭር ፊልም የሚወለደው ኤዲቲንግ ላይ ነው። አንድ ተዋናይ የወደዳትን አገላለጽ «አትሆንም» ብሎ ማውጣት ባልደረባን ያስቀይማል፤ ከአሥራ ምናምን ዓመት ጀምሮ የሚያውቁት ጓደኛ ግን ተቆጥቶ፣ ራት በልቶ ይረሳዋል። የእነ ሻፈር ፊልሞች ገና ተመልካቹ ሊጠግብ ሲል የሚቋረጡት በዚህ ድፍረት ይመስለኛል።

ይህን የቤት ውስጥ ፈተና ወደ አዳራሽ ያወጣው በ2003 ዳን ሃርመንና ሮብ ሽራብ በሎስ አንጀለስ የመሠረቱት «ቻናል 101» ነው። ደንቡ ቀላልና ጨካኝ ነበር። ማንም ሰው ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ የተከታታይ ድራማ ሙከራ ያመጣል፤ በየወሩ የሚሰበሰበው ተመልካች ድምፅ ይሰጣል፤ ያሸነፉት ብቻ ለሚቀጥለው ወር ቀጣይ ክፍል ይሠራሉ። ሎንሊ አይላንዶች ካሊፎርኒያን የሚያሳየውን የወጣቶች ድራማ «ዘ ኦ ሲ»ን እያስመሰሉ የሚቀልዱበትን «ዘ ቡ»ን ያቀረቡት እዚህ ነው። በኋላ ለፎክስ ቴሌቪዥን የሠሩት ሙከራ ተቀባይነት ሲያጣ ድረ ገጻቸው ላይ አወጡት። በሩ ሲዘጋባቸው የሚመለሱበት የራሳቸው ቤት መኖሩ በእኔ ግምት ከማንኛውም ካሜራ የበለጠ ጠቅሟቸዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ፊልሙን አሳጠረው፤ ጓደኛሞቹን ግን ገፋቸው። በጃንዋሪ 2013 ሥራ የጀመረው ቫይን ለአንድ ቪዲዮ የፈቀደው ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው። ስድስት ሰከንዱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ስለሚደግም፣ ጎበዞቹ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር እየሰፉ ቀልዱን ቀለበት አደረጉት፤ ይህ እውነተኛ የኪነ ጥበብ ግኝት ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ አካውንቱ የአንድ ሰው፣ የተከታዩ ቁጥርም የአንድ ሰው ነበር። ሠሪዎቹ እርስ በርስ በፊልም እየገቡ ተረዳዱ፤ በጋራ ሆነውም ከኩባንያው ክፍያ እስከ መጠየቅ ደረሱ፤ አልተሳካም። ባለቤቱ ትዊተር በኦክቶበር 2016 ቫይንን እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ በጃንዋሪ 2017ም አገልግሎቱ ቆመ። ቲክቶክ የሰዓት ገደቡን ቢያሰፋም የአካውንቱን ነገር እንዳለ ወርሷል። ካሜራ የያዘው ልጅ፣ ስክሪፕቱን በውይይት ያቃናው፣ መብራቱን የተሸከመው ከስክሪኑ ውጭ ይቀራሉ።

ተቋምም እንዲሁ ያደርጋል። በሳተርደይ ናይት ላይቭ ሳምበርግ ተዋናይ ሆኖ ሲቀጠር ሻፈርና ታኮኒ የተቀጠሩት በጸሐፊነት ነበር፤ ሕዝቡ ያወቀው የአንዱን ፊት ነው። በ2021 ወደዚያው መድረክ የገቡት የ«ፕሊስ ዶንት ዲስትሮይ» ሦስት ጓደኛሞችም ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው በወረርሽኙ ጊዜ አጫጭር ቪዲዮዎችን በኢንተርኔት የለቀቁ ናቸው። በ2025 ቤን ማርሻል ወደ ተዋናይነት ተዛወረ፣ ማርቲን ኸርሊሂ በጸሐፊነት ቀረ፣ ጆን ሂጊንስ ለቀቀ። ማንም በደል አልፈጸመም፤ የቅጥር ውል ግን «ሦስታችንም» የሚል መደብ የለውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ በጥንድ ይጠሩ እንደነበር የሚያስታውስ ተመልካች፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መቆሙ ራሱ እንዴት ያስቅ እንደነበር ያውቃል። ዛሬ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ደረጃዎች ላይ ስልካቸውን ግድግዳ አስደግፈው አጭር ኮሜዲ የሚቀርጹ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሥራቸውን የሚያጠና ሰው በእይታ ቁጥር ከመጀመር ይልቅ ማን ከማን ጋር እንዳደገ ቢጠይቅ እመኛለሁ። በየቪዲዮው መጨረሻ የሁሉም ስም እንዲጻፍም በሙሉ ልቤ እጠይቃለሁ፤ መድረኩ አንድ ቀን ቢዘጋ እንኳ ማን ምን እንደሠራ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ሳምበርግ ሳተርደይ ናይት ላይቭን የለቀቀው በ2012 ነው። ከ2024 ጀምሮ ሦስቱ በርክሊዎች፣ የቀድሞው ዋና ጸሐፊ ሴት ማየርስ ተጨምሮ፣ በፖድካስት እየተገናኙ የድሮ አጫጭር ፊልሞቻቸውን አንድ በአንድ ያነሣሉ። ያ ካሜራ የማን ነበር፣ ያ ሐሳብ መጀመሪያ ከማን አፍ ወጣ፣ ያን ሌሊት ማንን እንቅልፍ ጣለው እያሉ ይከራከራሉ። ፊልሙ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ ጨዋታው አንድ ሰዓት ይሄዳል።