የተቆለፈ፣ ግን ያልታተመ

ቀደምት ነገሥታቶቻችን የላኳቸው ደብዳቤዎች ከአናታቸው ላይ ማኅተም አለባቸው። ማኅተሙ ቃሉን ከማንም አይሰውርም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ይመሰክራል እንጂ። ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዝ ከታመኑት ባለሟሎች ወገን መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ይህንኑ አሮጌ አደራ ይዘው ነው። ቃልን መሰወር ግን ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማየት ወደ እንግሊዝ እንሻገር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1586 የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በእንግሊዝ ታስራ ሳለ፣ ፊደላትን በምልክት በሚተካ ምስጢራዊ ጽሕፈት ከደጋፊዎቿ ጋር ትጻጻፍ ነበር። ጽሕፈቱን ተማምና ያሰበችውን ሁሉ ጻፈችበት። የንግሥት ኤልሳቤጥ ወገን የነበረው ቶማስ ፌሊፕስ ምልክቶቹን ፈታቸው፤ ፈትቶም አላበቃ፣ በዚያው ምልክት በአንዱ ደብዳቤዋ ግርጌ በኤልሳቤጥ ላይ ያሴሩትን ሰዎች ስም የሚጠይቅ ሐሰተኛ ጭማሪ አስገባ። ጽሕፈቱ ራሱ ጭማሪውን ከዋናው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ሜሪ በየካቲት 1587 አንገቷ ተቀላ።

ዛሬ ብዙውን ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው አይደለም። የባንክ መግለጫውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን ሰርቨር ሌሊት ያዘጋጃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በፒዲኤፍ። አዶቢ ይህን የሰነድ ዓይነት በ1993 ሲያወጣ ምስጠራ አልነበረውም፤ ጥቂት ቆይቶ ሲጨመርለትም የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ ምስጠራን ከጦር መሣሪያ ቆጥሮ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያግድ ስለነበር ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ሆነ። ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ከአንድ ትሪሊዮን ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ለሰው ብዙ፣ ለኮምፒውተር ጥቂት። በ2001 ቁልፉ 128 ቢት፣ በ2008 ደግሞ 256 ቢት ደረሰ። የሚያስገርመው የ2008ቱ ነው፦ ቁልፉ ረዘመ፣ ፓስዎርዱን የሚያረጋግጠው ስሌት ግን ከቀድሞው ቀለለ፤ በግምት የሚሞክር ሰው ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት መሞከር ቻለ። ስሌቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ታረመ። «መቅዳት ክልክል ነው» የሚለው ትእዛዝም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ሰነዱ አንዴ ከተፈታ በኋላ ክልከላውን ማክበር የንባብ ፕሮግራሙ ጨዋነት ነው።

የፌሊፕስ ጥበብ በ2019 ተመልሶ መጣ። በጀርመን የቦኹምና የሙንስተር ተመራማሪዎች 27 የፒዲኤፍ ማንበቢያዎችን ፈትነው አንዳቸውም ሳይጋለጡ እንዳልቀሩ አሳዩ። ምስጠራውን መስበር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ደንቡ የሰነዱ ከፊል ሳይመሰጠር እንዲቀር ይፈቅዳል፤ አጥቂው በዚያ በኩል የራሱን ጭማሪ ያስገባል። ባለቤቱ በትክክለኛው ፓስዎርድ ሲከፍተው ጭማሪው የተፈታውን ጽሑፍ ወደ አጥቂው ይልካል። ሰነዱ ተቆልፎ ነበር፤ እጅ እንዳልገባበት የሚመሰክር ግን አልነበረውም። ይህን ጉድለት የሚሞላ ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣው በ2023 እና በ2024 ነው። ማኅተም በደብዳቤ አናት ላይ ያርፍ የነበረው ለምን እንደሆነ ለማስታወስ ረጅም ጊዜ ወሰደብን።

በሰርቨር ላይ ምስጠራ የሚጨምር ባለሙያ እንግዲህ የጸሐፌ ትእዛዙን ወንበር ይዟል። ብዙዎች ስለ ቁልፉ ርዝመት ይጨነቁና ያልተመሰጠረውን ቅጂ በጊዜያዊ ፎልደር ትተውት ያልፋሉ። ሰነዱ ዲስክ ላይ ከማረፉ በፊት፣ ገና በሜሞሪ ውስጥ እያለ ቢመሰጠር ይሻላል። ዲጂታል ፊርማም ካለ ቅደም ተከተሉ ይወስናል፦ መጀመሪያ መመስጠር፣ ቀጥሎ መፈረም። የተፈረመውን ኋላ መመስጠር ፊርማውን ያበላሸዋል። ፓስዎርዱን የደንበኛው የልደት ቀን ማድረግ ግን፣ በየአገሩ የተለመደ ቢሆንም፣ ለእኔ ከይስሙላ አይለይም። የመቶ ዓመት የልደት ቀኖች በሙሉ ከ37,000 አይበልጡም፤ ተራ ኮምፒውተር በአጭር ጊዜ ይጨርሳቸዋል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓ.ም.) ከወጣ በኋላ ሰነድን በሚገባ መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንዴ የተላከ ሰነድ አይመለስም። በ40 ቢት ተቆልፈው የተላኩት ዛሬም በየኢሜይሉና በየመዝገቡ ተቀምጠዋል፤ የፈለገ ሰው ይከፍታቸዋል። በ256 ቢት የምንቆልፈውን ኳንተም ኮምፒውተር በቀላሉ ይሰብረዋል ተብሎ አይጠበቅም፤ በፓስዎርድ ፈንታ ያንን ቁልፍ ለተቀባዩ የሚያደርሰው የአርኤስኤ ስሌት ግን፣ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ፣ ይሰበራል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2024 ሦስት ተተኪ ደንቦችን አጽድቋል። ደንቦቹ ሰነድ በሚያዘጋጁት ሶፍትዌሮች ውስጥ እስኪገቡ ድረስ በአርኤስኤ የሚላከው ሁሉ ከ40 ቢቶቹ ጎን ይከማቻል።